የእርካብ ልክ

የመንገደኛ ታሪክ ሲጻፍ ከየት ተነሣ፣ የት አደረ፣ ማንን አገኘ ተብሎ ይጠየቃል እንጂ እግሩን በምን ላይ አሳረፈ ተብሎ አይጠየቅም። ዜና መዋዕሎቻችን ንጉሡ በዚህ ቀን ከጎንደር ወጥቶ እዚህ ሰፈረ ይላሉ፤ ያንን ሁሉ ዳገትና ቁልቁለት ሲያቋርጥ ጉልበቱ ታጥፎ ይሁን ተዘርግቶ ግን አንዲት ቃል አይተነፍሱም። ጸሐፊው የታዘዘው የክብርን ታሪክ እንጂ የጉልበትን ታሪክ ስላልሆነ አንወቅሰውም። ነገር ግን ከጎንደር ተነሥቶ በዳባት አልፎ ደባርቅ የሚደርሰውን፣ ከደባርቅም በሊማሊሞ ገደል ላይ ተጠማዝዞ ወደ ዛሪማና ወደ አዲአርቃይ የሚወርደውን መንገድ በበቅሎም ሆነ በሞተር ሳይክል አንድ ጊዜ የሄደ ሰው፣ ጥያቄው ከንቱ እንዳልሆነ ጉልበቱና ወገቡ ይነግሩታል። እግር ማረፊያ አጥቶ ሲንጠለጠል ጭን ይደነዝዛል፤ አብዝቶ ሲታጠፍ ደግሞ ጉልበት እንደ ዛገ ማጠፊያ መንቋቋት ይጀምራል። በሁለቱ መካከል አንዲት ልክ አለች። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ እርሷ ናት።

ነገሩን ከስሙ እንጀምር። «እርካብ» የምንለው ቃል ከዐረብኛው «ሪካብ» ጋር በአንድ ቤት የተወለደ ይመስላል፤ በዚያ ቋንቋ የቃሉ ሥር በእንስሳ ላይ መቀመጥን፣ መጋለብን ያመለክታል። በግእዝ «ረከበ» ማለት «አገኘ» ማለት ስለሆነ፣ እርካብ እግር ማረፊያ ያገኘበት ነው ብሎ ቃሉን ወደ ግእዝ መጎተት የሚሻ ቢኖር ትርጓሜው ደስ ይላል፤ እውነት ግን አይመስለኝም። ይልቅ የሚገርመው ቃሉ ዕቃውን ጥሎት መሄዱ ነው። «የሥልጣን እርካብ» የሚለውን ሐረግ በጋዜጣና በሬዲዮ ያልሰማ የለም። ከሚናገሩት መካከል እርካብ ረግጦ ኮርቻ ላይ የወጣ ስንቱ ይሆን?

የደጋው ሰው ጥንታዊ እርካብ በፊልም የምናየው፣ እግርን እስከ ወገቡ የሚውጠው ሰፊ ብረት አልነበረም። ትንሽ ቀለበት ነበረች፤ የምታስገባውም አውራ ጣትን፣ ቢበዛ አውራ ጣትንና ጎረቤቱን ብቻ ነው። ማስረጃ የሚሻ ሰው የጎንደር ዘመን ሥዕል ካለበት ቤተ ክርስቲያን ገብቶ በፈረስ የተቀመጡትን ሰማዕታት ይመልከት። በቅዱስ ጊዮርጊስ ሥዕል ፊት የቆመ ሰው ዓይኑ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ዘንዶው ነው፤ ከዚያ ወደ ጦሩ፣ ከዚያ ወደ ነጩ ፈረስ። ወደ ሰማዕቱ እግር ዝቅ ብሎ ያየ ግን ባዶ እግሩን እንደ ሆነ፣ አውራ ጣቱም በቀለበቷ ውስጥ እንደ ተሰካ ያስተውላል። ሠዓሊው የቀጰዶቅያውን ወታደር የሮማ ጫማ አላጫማውም፤ በደጁ ሲያልፉ የሚያያቸውን ፈረሰኞች እግር አዋሰው። ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው ምስክር ይህ ነው፤ መመስከሩን ሳያውቅ የመሰከረ ነውና።

ቀለበቷ ከየት መጣች? በህንድ ሀገር በሳንቺ በተገኙ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በተቀረጹ የድንጋይ ምስሎች ላይ ፈረሰኞች እግራቸውን በጠፍር ማንጠልጠያ አስገብተው ይታያሉ። በቻይና ደግሞ ታሪኩ በሌላ መንገድ ሄደ። እ.ኤ.አ. በ302 በተሠራ መቃብር ውስጥ የተገኘ የሸክላ ፈረሰኛ በአንድ ወገን ብቻ፣ ያውም ለመውጫ ያህል የተንጠለጠለች እርካብ አለችው፤ እ.ኤ.አ. በ415 በሞተው በፌንግ ሱፉ መቃብር ግን ሙሉ ጥንድ ተገኝቷል። የቻይናና የሰሜኑ በረሃ ሰው ቡት ስለሚጫማ ሙሉ እግር የሚያስገባ ብረት ሠራ፤ ይህም በአቫሮች አማካይነት ወደ አውሮፓ ገባ። ባዶ እግሩን የሚሄደው የሞቃት አገር ሰው በጣቱ ቀለበት ጸና። የአሜሪካው ታሪክ ጸሐፊ ሊን ዋይት እርካብን በተመለከተ እ.ኤ.አ. በ1962 ባሳተመው ስመ ጥር መጽሐፍ የአውራ ጣት እርካብ ከህንድ ተነሥቶ ወደ ምሥራቅና ወደ ምዕራብ እንደ ተዛመተ፣ ኢትዮጵያም ከደረሰባቸው አገሮች አንዷ እንደ ሆነች ይገምታል። የቀይ ባሕር ንግድ ለዘመናት ጨርቅና ቅመም ሲያመላልስ ኖሯልና፣ አንዲት የብረት ቀለበት ብታመልጥ አይደንቅም።

ዋይት ግን ስሙ የገነነው በሌላ ነገር ነው። የአውሮፓው ፈረሰኛ እግሩን በሙሉ እርካብ ላይ ተክሎ፣ ጦሩን በብብቱ ጨብጦ፣ የፈረሱን ክብደት ሁሉ በጠላቱ ላይ መጣል ስለቻለ ባላባታዊው ሥርዓት ከዚህ ተወለደ ብሎ ጻፈ። ከእርሱ በኋላ የመጡ ሊቃውንት አንድ ብረት ያን ያህል አይወልድም ብለው ተከራክረውታል፤ እኔም ከተከራካሪዎቹ ጋር ነኝ። ለክርክሩ የእኛ ሀገር ጥሩ ምሳሌ ይሆን ነበር። እዚህ ባላባት ነበረ፣ ጉልት ነበረ፣ ፈረሰኛ ሠራዊትም ነበረ፤ ያ ሁሉ ግን በአንዲት ጣት ላይ ቆሞ ነው። የኢትዮጵያ ፈረሰኛ ጦሩን የሚወረውር እንጂ በብብቱ ይዞ የሚላተም አልነበረም። የሚያስፈልገው ቀልጠፍ ብሎ መዞር፣ ተጎንብሶ ከጦር ማምለጥ፣ ግድ ሲሆንም ዱብ ብሎ መውረድ ነው። ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም የሚለው አባባል ስለ ሌላ ነገር ይነገር እንጂ የውጊያውንም ዘዴ ይገልጻል።

ቀለበቷ ሌላም ጥቅም ነበራት። ሰው ሲወድቅ አውራ ጣት ቶሎ ትወጣለች። ሰፊ እርካብ ውስጥ የገባ ሙሉ እግር ተረከዙ ድረስ ሾልኮ ከተያዘ፣ ፈረሱ የወደቀውን ሰው እየጎተተ ይሄዳል፤ በሜዳ ላይ ይህ አደጋ ነው፣ በስሜን ገደል አፋፍ ላይ ሞት ነው። እንግሊዛዊው ማንስፊልድ ፓርኪንስ እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ በሰሜኑ የሀገራችን ክፍል ሲኖር ጫማውን አውልቆ ለዓመታት ባዶ እግሩን ሄዷል። የውስጥ እግር ቆዳ እንዴት ራሱ ጫማ እንደሚሆን በገዛ ገላው የተማረ ሰው ስለሆነ፣ የቀለበቷን ብልሃት ከሌሎቹ ተጓዦች ይልቅ እርሱ ቢያደንቃት አይገርመኝም።

የቀለበቷ ነገር ይህን ያህል ይበቃል፤ ልኩ ያለው ግን በጠፍሩ ላይ ነው። እርካብ በጠፍር ከኮርቻው ይንጠለጠላል፣ ጠፍሩም ይረዝማል፣ ያጥራል። በመላው ዓለም ፈረሰኞች የሚጠቀሙበት አንድ የቆየ መለኪያ አለ፤ ሰውዬው መሬት ላይ ቆሞ የጣቶቹን ጫፍ ጠፍሩ ከኮርቻው በሚወጣበት ቦታ ላይ ያኖራል፣ እርካቡንም በክንዱ ሥር ወደ ብብቱ ይስባል፤ ብብቱ ከደረሰ ልኩ ነው። እግር በክንድ መለካቱ እንግዳ ይመስላል፤ ግን ረጅም እግር ያለው አብዛኛውን ጊዜ ረጅም ክንድ አለው። ከዚያ በኋላ እንደ መንገዱ ይስተካከላል። ለረጅም ጉዞ ጠፍሩ ረዘም ብሎ ጉልበቱ በጥቂቱ ብቻ እንዲታጠፍ፣ ለግልቢያ ደግሞ አጠር ብሎ ፈረሰኛው ከኮርቻው ብድግ እንዲል። አሳጥሮ አሳጥሮ ኋላ የሚቸገርም አለ፤ በቅሎ ማሰሪያዋን በጠሰች ቢሉ ከራሷ አሳጠረች የተባለው ለእንዲህ ያለው ነው።

በቅሎዋን ካነሣን አይቀር፣ በዚህ ምድር የረጅም ጉዞ እንስሳ እርሷ እንጂ ፈረስ አልነበረም። መኳንንቱ ሲጓዙ በሰጋር በቅሎ ይቀመጡ ነበር፤ ፈረሱ ኮርቻና ግላስ እንደ ለበሰ በአሽከር ይሳባል፣ ለውጊያ ወይም ለጉግስ ካልሆነ አይወጡበትም። በዚህም ምክንያት የደጋው ሰው ስለ እግር ምቾት የተማረውን ሁሉ የተማረው በበቅሎ ጀርባ ላይ ነው። በሊማሊሞ ዳገት ላይ ወደ ፊት ጎንበስ ይላል፤ በቁልቁለቱ ወደ ኋላ ተለጥጦ እግሩን ወደ ፊት ይገፋል፤ ቁልቁለቱ ሲብስ ወርዶ በቅሎዋን ያስቀድማል። ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ በ1762 ዓ.ም. ከምፅዋ ወደ ጎንደር ሲመጣ ያለፈው በዚሁ በኩል ነው። ከእርሱ በፊትም በኋላም ከባሕሩ ወደ ጎንደር የሚወጣ ነጋዴ፣ ጳጳስ፣ መነኩሴ ሁሉ ይህን ግድግዳ ወጥቷል፤ አብዛኛው ግን በእግሩ። ይህን አንርሳ። እርካብ የጥቂቶች ነበረች፤ ከበቅሎዋ አጠገብ የሚሮጠው አሽከር፣ ጌታው ሲወጣ ኮርቻው እንዳይዞር የማዶውን እርካብ ተጭኖ የሚይዘው ሰው፣ የራሱን እግር የሚያሳርፍበት አልነበረውም።

ሌላም ሰው አለ፣ ከአሽከሩ ይልቅ የተረሳ። በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደጃዝማች ካሣ ኃይሉ በስሜን ደረስጌ ላይ ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያምን ድል አድርገው፣ ውቤ ለራሳቸው ንግሥ ባሰናዱት በደረስጌ ማርያም ቴዎድሮስ ተብለው በአቡነ ሰላማ እጅ ነገሡ። የቤተ ክርስቲያኑን ሥራ የመራው ጀርመናዊው የዕፅዋት ሊቅ ሺምፐር መሆኑን እናውቃለን። የንጉሡ ፈረስ ታጠቅ መባሉን፣ ንጉሡም አባ ታጠቅ መባላቸውን ልጅ ሳይቀር ያውቃል። የታጠቅን ልጓም ማን ቀጠቀጠ? ቀለበቷን ማን አቃጠላት፣ ማን አጠፋት? አናውቅም። በዚያ ዘመን በወገራ፣ በደምቢያና በስሜን የብረት ሥራ በብዛት በቤተ እስራኤል እጅ ነበር። ቆዳውን የሚያለፋው ፋቂ፣ ብረቱን የሚመታው ቀጥቃጭ በሌላው ሰው ዘንድ ቡዳ ተብሎ የሚፈራና የሚናቅ ነበር፤ ከእጁ ማረሻ ይገዛሉ፣ ከማዕዱ አይቀርቡም። ንጉሥም ሆነ ባላባት አውራ ጣቱን በዚያ በተናቀ ሰው ሥራ ላይ ጭኖ ነው አገር ለአገር የዞረ። ቤተ እስራኤል በ1977 ዓ.ም. በሱዳን በኩል በሙሴ ዘመቻ፣ በግንቦት 1983 ዓ.ም. ደግሞ በሰሎሞን ዘመቻ ወደ እስራኤል ሄዱ፤ ወናፋቸው ከዳባትና ከወገራ መንደሮች ዝም አለ። በየሙዚየሙ ዘውዱና ካባው፣ ጠመንጃውና ጎራዴው በመስታወት ውስጥ ተቀምጧል፤ የጣት ቀለበቷን ከነጠፍሯ፣ ለስንት ቁመት ሰው እንደ ተሠራች ለክቶ የጻፈ ግን አላጋጠመኝም። በየገጠሩ ቤት ግድግዳ ላይ የተንጠለጠለ አሮጌ ኮርቻ በጠፋ ቁጥር ይህ ጥያቄ መልስ የሚያገኝበት ዕድል አብሮ ይጠፋል፤ ኮርቻም እንደ ብራና መጽሐፍ የሚሰበስበው ወገን ካላገኘ ምስጥ ይበላዋል።

መንኰራኩር ወደዚህ ምድር ዘግይቶ ነው የመጣ። በመጋቢት 1928 ዓ.ም. የስታራቼ የመኪና ሰልፍ ጎንደርን ለመያዝ ሲገሠግሥ በምዕራቡ ቆላ ዞሮ መጣ እንጂ ሊማሊሞን አልወጣም፤ ለመኪና የሚሆን መንገድ አልነበረምና። መንገዱን ጣሊያኖች የቆረጡት ከያዙ በኋላ ነው። ገደሉን በድማሚትና በሰው ጉልበት እየፈለጡ፣ በድንጋይ ግንብ እየደገፉ፣ ዛሬም የሚያልፍበትን ሁሉ የሚያስደነግጠውን ጥምዝ ሠሩ። የሠሩትን መንገድ መልሰው መጠበቅ ግድ ሆነባቸው፤ በደባርቅ አቅራቢያ ባለው በወልቅፊት የመሸገው ጦራቸው በአርበኞችና በእንግሊዞች ተከቦ ቆይቶ በመስከረም 1934 ዓ.ም. እጁን ሰጠ፣ ጎንደርም በኅዳር ወር ተከተለች። መንገዱ ቀረ። በቅሎዋ በዳር በዳር መሄድ ጀመረች።

ጫማም በዚያው ዘመን ገደማ ነው ወደ ባላገሩ እግር የወረደው፤ መጀመሪያ ከመኪና ጎማ የሚሠራው በረባሶ፣ ኋላ ኮንጎ የሚባለው የላስቲክ ጫማ። በረባሶ ያደረገ እግር በጣት ቀለበት አይገባም። እርካብ መስፋት ነበረባት፣ ሰፋችም። የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ተቋቁሞ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ከተመዘገበ ወዲህ ደግሞ ከባድ ቡት የተጫማ ቱሪስት ከደባርቅ በቅሎ ተከራይቶ ወደ ሳንቃበርና ወደ ግጭ ይወጣ ጀመር። ለአጭር ሰው ተብሎ የታሰረ ጠፍር ላይ ቁመተ ረጅሙ እንግዳ ሲቀመጥ ጉልበቱ እስከ ደረቱ ይደርሳል። ከሩቅ ሲያዩት ቋጥኝ ላይ የተቀመጠ ጭላዳ ይመስላል። በቅሎ ነጂው ስቆ ሲያበቃ ጠፍሩን ፈትቶ በአንድ ስንዝር ያረዝመዋል፣ መልሶም ይቋጥረዋል። መፍቻ አልፈለገ፣ ብሎን አልፈለገ።

ሞተር ሳይክል ይህን ቋጠሮ ነው የወሰደብን። ከደባርቅና ከዳባት ወደየቀበሌው የሚወጣው የግብርና ባለሙያ፣ ክትባት ይዞ የሚጓዘው የጤና ሠራተኛ የሚቀመጥበት ሞተር መርገጫው በፋብሪካ የተበየደ ነው። በመርገጫውና በመቀመጫው መካከል ያለው ርቀት ሩቅ አገር ባለ መሐንዲስ ጠረጴዛ ላይ፣ ለአንድ ለማይታወቅ አማካይ እግር ተወስኖ መጥቷል። ረጅሙ ሰው ይታጠፋል፣ አጭሩ ሰው በጣቱ ጫፍ ይንጠራራል። ቀድሞ ዕቃው ወደ ሰው ይመጣ ነበር፤ አሁን ሰው ወደ ዕቃው ይሄዳል።

ይህን ያላመኑበት አሜሪካውያን ናቸው። ቀጥ ባለ አውራ ጎዳና ላይ ቀኑን ሙሉ መንዳት ጉልበታቸውን ሲያደርቀው፣ ከዋናው መርገጫ ሌላ ከፊት ሁለተኛ ጥንድ መርገጫ ጨመሩ፤ ሀይዌይ ፔግ ይሉታል፣ የአውራ ጎዳና መርገጫ እንደ ማለት ነው። ሞተሩ ሲወድቅ አካሉን እንዲጠብቅ ከፊት በሚታሰረው ብረት ላይ በማቀፊያ ይታሰራል፣ ሲፈለግ ላልቶ ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ፊት ይዞራል። አለካኩን ሳየው የድሮውን ጠፍር አስታወሰኝ። ሞተሩን ሜዳ ላይ ሌላ ሰው ቀጥ አድርጎ ይይዝለታል፤ ነጂው እንደ ልማዱ፣ ወገቡን ሳያጎብጥ ወደ ኋላም ሳይለጠጥ ይቀመጣል፤ እግሩን ዓይኑን ጨፍኖ እንኳ ቢሆን ደስ ወዳለው ቦታ ይዘረጋል። የጫማው ሶል ያረፈበት ላይ ምልክት ይደረጋል። ጉልበቱ ፈጽሞ ቀጥ ካለ መርገጫው ርቋል፤ የመንገዱ ንዝረት ሁሉ እስከ ዳሌው ይወጣበታልና ጥቂት እጥፋት መቅረት አለበት። ጭኑ ከመቀመጫው ከተነሣ ደግሞ መርገጫው ከፍ ብሏል፤ ክብደቱ በጅራቱ አጥንት ላይ ይወድቃል። ግራና ቀኙ እኩል መሆኑ ይታያል፣ ብሎኑ ይጠብቃል፣ ጥቂት ተነድቶ እንደገና ይፈተሻል። አንድ ነገር ግን ከምቾቱ ይቀድማል፤ ቀኝ እግር ከፊት መርገጫው ተነሥቶ የኋላውን ፍሬን፣ ግራ እግርም ማርሹን ሳይፈልግ ወዲያው ማግኘት አለበት።

በዚህች የመጨረሻ ነገር ምክንያት ነው የአውራ ጎዳናው መርገጫ ለሊማሊሞ የማይሆነው። ከጎንደር ተነሥቶ በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት አድርጎ ደባርቅ እስኪገባ ድረስ፣ አስፋልቱ በወገራ ሜዳ ላይ በተዘረጋበት ሥፍራ፣ እግርን ወደ ፊት ዘርግቶ የገብሱን ማሳ እያዩ መንዳት ይቻል ይሆናል። ከደባርቅ ካለፉ በኋላ ግን ከጥምዝ እስከ ጥምዝ እግር ለመዘርጋት የሚበቃ ጊዜ የለም። በጥምዙ ላይ ሞተሩ ሲያጋድል ዝቅ ብሎ የወጣ መርገጫ መሬት ሊነካ ይችላል፤ ከፊት ደግሞ ጭነት መኪና ወይም የላም መንጋ ይመጣል። ይህ መንገድ የራሱ ሀይዌይ ፔግ ቢወልድ ኖሮ ሌላ ዓይነት በሆነ ነበር፤ ምናልባትም ወደ ኋላ የሚሄድ፣ በቁልቁለት ጊዜ ለመቆም የሚያመች።

ቁልቁለቱን በሞተር የሚወርድ ሰው ሁለት እግሩንም ሰብስቦ ወደ ዋናው መርገጫ ይመልሳል። ቀኝ እግሩ በፍሬኑ ላይ እየተጫነ ይለቃል። ግራው ዘንጉን ወደ ታች ረግጦ ወደ አንደኛ ማርሽ ያወርዳል፤ ጥምዙ አልፎ መንገዱ ጥቂት ሲቃና ግን የጫማው ጫፍ ከዘንጓ ሥር ይገባና ወደ ላይ ያነሣታል። ዘንጓ ቀጭን ናት፣ ከአንድ ጣት የበለጠ ሥፍራም አትፈልግ። በደባርቅ ጎዳና ላይ ጫማ የሚጠርግ ልጅ ለደንበኛው ሞተረኛነት ሌላ ምልክት አያሻውም፤ የግራው ጫማ ከላይ፣ በትክክል በአውራ ጣቱ ላይ፣ ቀለሙ ተልጦ ቆዳው ሳስቷል።